ቫርኒሹ ሳይደርቅ

የሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ እሑድ ጠዋት ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ከሞሮኮ ቤተሰብ የተወለደች፣ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። አንድ ነገር ስትቆርጥ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ እንዲያውም ዝቅ ታደርገዋለች።

«እስከ ዓርብ ቀትር ሚክላቱ ባዶ እንዲሆን እፈልጋለሁ» አለችኝ በዕብራይስጥ። «አንድ ሳንቃ፣ አንድ ጣሳ እንዳይቀር። ዜና ትሰማለህ አይደል?»

«እሰማለሁ። እስከ ዓርብ አወጣዋለሁ» አልኳት።

ሚክላት የምንለው ከምድር ቤቱ ሥር ያለውን የቦምብ መሸሸጊያ ነው። ሽኩና ሄ በሚባለው የቢኤር ሼቫ ሰፈራችን ውስጥ ያሉት የእኛን የመሰሉ አሮጌ ሕንፃዎች በየቤቱ የተጠናከረ ክፍል የላቸውም፤ የአደጋው ጩኸት ሲነሳ ከአራቱም ፎቅ ያለው ሰው በአንድ ደረጃ ወደ ታች ይጎርፋል። ጊዜው ጸጥ ሲል ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንዱ የተሰበረ ብስክሌት፣ ሌላው ልጆቹ ያደጉበትን አልጋ ይጥልበታል። እኔ ደግሞ ከስምንት ወር በፊት አንዱን ጥግ አስፈቅጄ ጠረጴዛ ዘረጋሁና ኤሌክትሪክ ጊታር መሥራት ጀመርኩ።

አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ጊታር የመሥራት ሐሳብ ከየት መጣብህ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «እጄ ሥራ ይወዳል» እላለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ በመጣን በአምስተኛው ዓመት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። የሙዚቃ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበረ። አንድ ቀን መምህሩን ልንካው ብዬ ለመንኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈገግ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ለእናንተ ከበሮ ነው የሚሆነው፤ ምቱ በደማችሁ ውስጥ አለ» አለኝ። ከበሮውን ወሰድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ መታሁት። የቁም ሣጥኑ በር በተከፈተ ቁጥር ግን ዓይኔ ወደዚያው ይሄድ ነበር። ጊታር የተማርኩት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ አግብቼ ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ ከሥራ ባልደረባዬ በተዋስኩት ነው።

ያን እሑድ ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አካሉን ሃዒር ሃዓቲቃ በሚባለው አሮጌው ከተማ ያለ አንድ አናጺ ከሰጠኝ ነጣ ያለ ጠንካራ እንጨት ቆርጬ አለስልሼዋለሁ። አንገቱን ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያው ተጣሞ ተጥሏል። አምስት ጊዜ ቫርኒሽ ነፍቼበት፣ በየመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼዋለሁ። የቀረው የመጨረሻው ንፊያ ብቻ ነው። ከዚያ ይደርቃል፣ ይወለወላል፣ ይገጣጠማል። ያን የመጨረሻውን ንፊያ በሩን ከፍቼ፣ ማራገቢያ ተክዬ፣ ዕረፍት በወሰድኩበት ቀን ቀስ ብዬ ልሠራው ነበር ያሰብኩት። አሁን ግን ዓርብ መጣብኝ። የሥራ ፈረቃዬን ሳየው ነፃ የሆንኩት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ረቡዕ ከፋብሪካው ስወጣ አቧራው ከተማውን ሸፍኖታል። ነፋሱ ከበረሃው በኩል ሲመጣ ቢኤር ሼቫ እንዲህ ናት፤ ሰማዩ ቢጫ ይሆናል፣ አሸዋው ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ለቫርኒሽ ከዚህ የከፋ ቀን የለም። እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ያረፈ ብናኝ ሁሉ እንደ ቆዳ ሽፍታ ሆኖ ይቀራል። የጊታሩን አካል ከጣሪያው ቧንቧ ላይ በሽቦ አንጠለጠልኩት፣ አፍንጫዬንና አፌን በጭንብል ሸፈንኩ፣ መርጫውን ሞላሁ።

ገና ስጀምር አባቴ ወረዱ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ምድር ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እኔ ከባለቤቴ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ሠላሳ ዓመት የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ሳንባቸው ተጎድቷል። ሲጨንቃቸው አፋቸው ውስጥ የሚነፉት መድኃኒት ወጥ ቤታቸው መሳቢያ ውስጥ አለ። በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ሽታው ቤቴ ድረስ ገብቷል።»

«አሁን ያልቃል አባባ። ይግቡና በርዎን ይዝጉ።»

«ይህን በር ከፍተህ ብትሠራ አይሻልም?»

«አቧራ ይገባብኛል።»

ትንሽ ቆሙ። የሚጨምሩት ነገር ያለ መስሎኝ መርጫውን እንደያዝኩ ጠበቅኋቸው፤ ትዕግሥቴ እንዳለቀ ከአቋቋሜ ሳይገባቸው አልቀረም።

«እንዳልክ» ብለው ወጡ።

ከኋላቸው የብረቱን በር ዘጋሁት። ያን በር መዝጋት እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። ጣሳው ላይ ተጽፏል፣ በፋብሪካም በየዓመቱ ለሌሎች ሠራተኞች የምናገረው ነገር ነው። ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ንፊያው አማረልኝ። እንጨቱ ውኃ የጠጣ ያህል ጠቆረና አበራ። መርጫውን አስቀምጬ ልወጣ ስል ጩኸቱ ተነሳ።

በእኛ ከተማ ጩኸቱ ከተነሳ በኋላ ለመሸሸግ ያለን ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። በሩን በረገድኩት። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ማድረግ የነበረብኝን አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ብዙ ነገር ይታየኛል። ያኔ ግን የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰዎቹ እየመጡ ነው፣ ሌላ የሚሄዱበት ቦታ የለም። ጣሳውን ከደንኩ፣ መርጫውን ጠረጴዛ ሥር ገፋሁ። ከደረጃው የጫማ ድምፅ ወረደ፤ ሕፃን ያቀፈች እናት፣ በነጠላ ጫማ የወጡ ተማሪዎች፣ አዛውንት ባልና ሚስት። ወደ ሠላሳ ሰው ይሆናል። ሁሉም ደፉን ሲያልፍ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ከኋላ ያለው ግን ስለሚገፋው ይገባል። አባቴ መጨረሻ አካባቢ ገቡ። የብረቱን በር ሰብሳቢዋ ዘግታ መዝጊያውን አዞረችው።

አምፖሉ አንድ ነው። ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ከእኔ ሁለት ክንድ ርቆ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው የአውቶቡስ ሹፌር ቆሟል። እጁን ኪሱ ከተተ፣ ሲጋራ አወጣ፣ አፉ ላይ አደረገ፣ ላይተሩን አነሳ።

«አታብራ!»

የጮኽኩት በአማርኛ ነው። ያን ሁሉ ዓመት በዕብራይስጥ ሠርቼ፣ በዕብራይስጥ ተጣልቼ፣ ያን ቀን ከአፌ የወጣው አማርኛ ነው። ሹፌሩ አልገባውም። አውራ ጣቱ ላይተሩ ላይ እንዳለ ዘልዬ እጁን በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«አታብራ፣ አታብራ። አየሩ እሳት ይይዛል» አልኩ አሁን በዕብራይስጥ።

ሰብሳቢዋ ከበሩ ጋ ሆና ወደ እኔ ዞረች።

«እዚህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ቫርኒሽ። አሁን ገና ነፍቼ መጨረሴ ነው።»

ሁሉም ቀና ብሎ ከቧንቧው ላይ የተንጠለጠለውን የሚያበራ ነገር አየው። የመጀመሪያው ፍንዳታ የተሰማው ያኔ ነው፤ ሩቅ ነበር፣ ግን ንዝረቱ በግድግዳው በኩል ወደ ጀርባችን አለፈ። ሁለተኛው ቀረበ።

ከዚያ አባቴን ሰማኋቸው። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ በኋላ ግን ሳሉ ቀረና አየር ለመሳብ የሚታገል ደረቅ ድምፅ ብቻ ሆነ። ሰዉን እየገፋሁ ደረስኩባቸው። ጥግ ላይ ናቸው፤ አንድ እጃቸው ደረታቸውን ይዟል፣ ሌላው ላለመውደቅ የተንጠለጠለውን የጊታር አካል ተደግፏል። ዓይናቸው በሩን እያየ ነው።

«መድኃኒቱስ?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። በጥድፊያ ረስተውታል።

ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። ሰዉ መንገድ ከፍቶ አሳለፋቸው። ሰብሳቢዋ መዝጊያው ላይ እጇን አሳርፋ ነበር።

«አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አይከፈትም» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«መተንፈስ አልቻሉም» አልኩ።

«ሕፃን አለ እዚህ!» ብሎ አንድ ሰው ከኋላ ጮኸ። ልክ ነበር። በሩን ብከፍት ሕፃኑን አደጋ ላይ እጥላለሁ፣ ባልከፍት አባቴን። እዚህ ያደረስኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ። ሰብሳቢዋ አባቴን አየች፣ ከንፈራቸውን አየች። ከዚያ እሷው ራሷ መዝጊያውን አዞረችና ሰው በጎን የሚያልፍበትን ያህል ከፈተች። «ፍጠን» አለችኝ። ወጣን። በሩ ከኋላችን ሲዘጋ ሰማሁ።

አባቴን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። ሩቅ አይደለም፣ አሥራ ሁለት ደረጃና አንድ በር ነው። መሳቢያውን ስስበው ተነቅሎ ወጥቶ መሬት ላይ ተበተነ፤ ማንኪያ፣ ክብሪት፣ የሐኪም ወረቀት። መድኃኒቱ የለም። የወጥ ቤቱ መስኮት በፍንዳታው ተንቀጠቀጠ። ተንበርክኬ እየፈለግሁ «አምላኬ፣ አምላኬ» እላለሁ። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከመነጽራቸው አጠገብ፣ ሊይዙት አዘጋጅተውት።

ስመለስ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። አንዴ ነፋሁላቸው፣ እንደገና ነፋሁላቸው። በጥድፊያ ጥርሳቸውን መታሁት። አንገታቸውን ደግፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ከላያችን የኮሪደሩ መስታወት ነበር፤ ቢሰበር የሚወርደው እኛ ላይ ነው። ጀርባዬን ወደ መስታወቱ አዞርኩ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ፍንዳታ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ርቆ። ቀስ በቀስ ትንፋሻቸው ድምፁ ተለወጠ፤ ወፈረ፣ ተመለሰ። በአቅራቢያችን ምንም አልወደቀም።

አምቡላንስ ወሰደን። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ በዕብራይስጥ «ምንድን ነው የተነፈሱት?» ሲል ጠየቀ። እኔ ሳልመልስ አባቴ የኦክስጅኑን ጭንብል ከፍ አድርገው በአማርኛ ተናገሩ።

«አቧራ ነው በለው።»

«አባባ...»

«አቧራ ነው በለው አልኩህ። ዛሬ ከተማው ሁሉ አቧራ ነው። ሌላ ነገር ካልክ ፖሊስ ይጠሩብሃል።»

ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ የአባቴ ምላስ እኔ ነኝ። በስደተኛ መቀበያው፣ በክሊኒኩ፣ በየቢሮው የተናገርኩላቸው እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሁልጊዜ ያሉትን አላልኩም። ሲቆጡ አለዝቤዋለሁ፣ ሲያፍሩ ሸፍኜዋለሁ። አሁን ደግሞ እኔን ለመሸፈን የሚዋሹት እሳቸው ሆኑ። ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል።

«አቧራ አይደለም» አልኩት። «ቫርኒሽ ነው፤ በማቅጠኛ ፈሳሽ የተበጠበጠ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ተንፍሰዋል። የነፋሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፣ የጣሳውን ጽሑፍ በስልኬ አንስቼው እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደነበር። ከዚያ ነርሷን ጠርቶ የደም ምርመራ አዘዘ፣ ኦክስጅኑን ከፍ አስደረገ፣ ሌሎቹም ጎረቤቶች ራስ ምታት ካላቸው እንዲመጡ ንገራቸው አለኝ። አባቴ ዕብራይስጥ አይናገሩም እንጂ ይሰማሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እስከ ማግስቱ አላናገሩኝም።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ቃላቸው «ጎረቤቶቹስ?» የሚል ነበር።

«ደህና ናቸው፣ ባለቤቴ ደውላ ነገረችኝ። የአንዲቱ ራስ ታሞ ነበር፣ ተሻላት። ሕፃኑም ደህና ነው።»

«ይቅርታ ጠየቅህ?»

«አልጠየቅሁም። ከእርስዎ አልተለየሁም እኮ።»

«ሂድና ጠይቅ።»

ሄድኩ። ከፎቅ ፎቅ በር እያንኳኳሁ ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ደረጃ የለም። አንዳንዱ «ዋናው ሁላችንም ተርፈናል» አለኝ። የሕፃኑ እናት በሩን በትንሹ ከፍታ ሰማችኝና ዘጋችው። ሰብሳቢዋ አስገብታ ወንበር ሰጠችኝ።

«ፈቃድ የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለች። «ስለዚህ ሁለታችንም አልተኛንም። ዓርብ ቀትር ግን ያው ዓርብ ቀትር ነው።»

ዓርብ ማለዳ ዕቃውን ማውጣት ጀመርኩ። ጠረጴዛውን ብቻዬን እየጎተትኩ ሳለ ሌላኛው ጫፍ ከመሬት ተነሳ። ቀና ስል ሹፌሩ ነው። እስከ ላይ ተሸከመልኝ። ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ «አባትህ ተሻላቸው?» አለ። «ዛሬ ይወጣሉ» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

የጊታሩ አካል ደርቆ ነበር። ከጎኑ ላይ የአባቴ እጅ አለ፤ አራቱ ጣቶችና መዳፉ ቫርኒሹ ውስጥ ሰምጠው፣ የቆዳቸው መስመር ሳይቀር ይታያል። በአንሶላ ጠቅልዬ ጣሪያው ላይ ካለችው የውኃ ማሞቂያዎቹ ክፍል አስቀመጥኩት። ልጥለው ወስኛለሁ፤ በዓይኔ ላየው አልፈለግሁም ነበር።

አባቴ ቤት ከገቡ በሦስተኛው ቀን፣ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠው «ያ ነገር የት ደረሰ?» አሉኝ።

«ጊታሩ? እጥለዋለሁ።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን ይሉኛል? ሊገድልዎት ነበር።»

«እኔን ያፈነኝ የዘጋኸው በር ነው። እንጨቱ ምን አደረገ?» አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። «ስምንት ወር ሙሉ ሰንበትም ሥራም ሳትል ያንን አስበሃል። አምጣው ልየው።»

አመጣሁት። ጭናቸው ላይ አገላበጡት። የእጃቸው ምልክት ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን ገጠሙበት።

«ይህንን ልተወው ነው የማስበው» አልኩ።

«አጥፋው።»

«የእርስዎ እጅ ነው እኮ።»

«የታመምኩበትን ቀን ምን ልታደርግበት ነው? አጥፋውና በደንብ ሥራው።»

አጠፋሁት። ጣሪያው ላይ፣ በአየር ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት እንደገና አሸሁት፣ እንደገና በስሱ ነፋሁት። ሦስት ሳምንት እንዲደርቅ ተውኩት። በእነዚያ ሳምንታት ጩኸቱ ሁለት ጊዜ ተነሳ። ሚክላቱ ውስጥ ሽታው ከግድግዳው አልወጣም ነበር፤ ሰዎች ሲገቡ መጀመሪያ አየሩን ያሸታሉ፣ ከዚያ እኔን ያዩኛል። አባቴ መድኃኒታቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። እኔ ቆሜ ደቂቃ እቆጥራለሁ።

የምንገጣጥምበት ቀን ሲደርስ አባቴ የራሳቸውን በረንዳ መረጡ። በራቸውን አስከፈቱ፣ መስኮቱን ሁሉ አስከፈቱ፣ ወንበር አምጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። አንገቱን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ቀዳዳው በአንድ ሚሊሜትር ቢጠልቅ መሰርሰሪያው በአንገቱ ፊት በኩል ይወጣና የስምንት ወር ሥራ ያልቃል። መሰርሰሪያው ላይ ማቆሚያ እንዲሆነኝ ፕላስተር ጠመጠምኩ። ስሰረስር አባቴ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እኔ ደግሞ የያዙት በፈቃዳቸው ይሁን በሕመማቸው ለማወቅ በመካከል ቆሜ አየኋቸው።

«ሥራህን እይ» አሉኝ።

አራቱም ቀዳዳ ደህና ወጣ። አንገቱ ቦታው ሲገባ ጠቅ አለ።

ከዚያ የክሮቹን ብረት የያዘውን ካርቶን ከፈትኩ። ይህ ብረት አካሉ ላይ በታች በኩል ይታሰራል፤ ስድስቱ ክሮች የሚያርፉት እዚያ ላይ ነው። ካርቶኑ ያን ረቡዕ ሚክላቱ ውስጥ መሬት ላይ ነበረ፤ ሰው ረግጦታል። ከላይ ምንም አይመስልም፤ ውስጡ ያለው ብረት ግን ለሁለት ተሰንጥቋል። ክሮቹን የሚሸከሙት ስድስቱ ትናንሽ ቁራጮች ተርፈዋል፣ የተሰነጠቀው መደቡ ነው። ሌላ ለማዘዝ ስልኬን አነሳሁ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በጊዜው ሁኔታ ምክንያት ቆሟል፣ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም ይላል።

ስልኩን አስቀመጥኩና ራሴን በእጄ ያዝኩ። አባቴ የተሰነጠቀውን ብረት አንስተው ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ይህ መች ብረት ሆነና» አሉ። «ቀልጦ የፈሰሰ ነገር ነው። እንደ ብስኩት ይሰበራል። ሞርሳህን አምጣ፣ ሞረድህንም አምጣ።»

አባቴ ጎንደር፣ በገጠሩ፣ ብረት ሠሪ ነበሩ፤ እኔ ልጅ ስለነበርኩ አብዛኛውን የሰማሁት ከአክስቴ ነው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ ይሠሩ ነበር። ማረሻውን የሚወስደው ገበሬ ያው ራሱ ማታ «ቡዳ» ብሎ ልጆቹን ከእኛ ደጅ ይከለክል ነበር። እዚህ ከመጡ ጀምሮ ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ሲጫኑ ኖሩ እንጂ መዶሻ ሲይዙ አላየኋቸውም፤ ስለዚያም ሥራ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

በረንዳው ጥግ ከአሮጌ የብረት በር የተነቀለ ረጅም ማጠፊያ ነበር። እሱን አሳዩኝ። ብረት ጨብጦ የሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰርኩላቸው፣ መጋዙን እኔ ገዘገዝኩ፣ ጫፉን እሳቸው በመዶሻ አጠፉት። ሦስት ምት ብቻ ነው፤ የታጠፈው ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ መሞረድ ጀመሩ። እጃቸው ወጣት ሆነ ልል አልችልም፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሞረዱ ብረቱን ሲነካ ግን መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ ሲለቅቀው ይመለሳል። አሥር ጊዜ ይሞርዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይተነፍሳሉ። ፊታቸው ላይ ላብ ወጣ።

«ይበቃል አባባ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ተው።»

«ሐኪሙ ምን እንዳለ ረሱት እንዴ?»

«ሐኪሙ ያለውን ሰምቻለሁ። አንተ ስትነግረውም ሰምቻለሁ» አሉ ሞረዱን ሳያቆሙ። «አቧራ ነው በለው ብዬህ ነበር።»

ስለዚያ ቀን ሲያነሱ የመጀመሪያቸው ነው።

«እውነቱን ካልነገርኩት ሌላ መድኃኒት ይሰጥዎት ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ። ልክ አደረግህ። ግን ተናድጄብሃለሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም።» ሞረዱን ነፉበት። «ቀዳዳዎቹን የት እንደምትፈልግ ምልክት አድርግልኝ።»

እንዲያ ሆነን ከሰዓት በኋላውን ጨረስነው። እሳቸው እየተናደዱ ይሞርዳሉ፣ እኔ እየፈራሁ እለካለሁ። ከአንገቱ ጫፍ እስከዚህ ብረት ያለው ርቀት ትንሽ ከተዛባ ጊታሩ ዕድሜ ልኩን ቃናው አይገጥምም። አራት ጊዜ ለካሁ። አምስተኛውን እሳቸው በክር ለኩትና በጥፍራቸው ምልክት አደረጉ፤ ከእኔ መለኪያ ጋር አንድ ሆነ። ብረቱን በእሳት አሙቀው ዘይት ውስጥ ነከሩት፣ ጠቆረ። አሰርነው። የኤሌክትሪክ ገመዶቹን በየቦታቸው በየድኩ፣ ክሮቹን አስገባሁ።

መወጠር ስጀምር ከወንበራቸው ተነሱ። «ፊትህን አርቅ» አሉኝ። ስድስት ክር አንድ ላይ ሲወጠር ጉልበቱ የትልቅ ሰው ክብደት ያህል ነው፤ ብረቱ ቢለቅ ወይም ብሎኑ ቢነቀል ክሩ ዓይን ያወጣል። መቃኛውን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር አዞርኩ። እንጨቱ አንድ ጊዜ ጠቅ ሲል ሁለታችንም ወደ ኋላ ሸሸን። ብረቱ አልተነቃነቀም። አባቴ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ገፉት። «አይሄድም» አሉ።

ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካሁት። የወጣው ድምፅ የጊታር አልነበረም፤ የሰፈሩ ዝንብ ሁሉ የተሰበሰበ ይመስል ከባድ እዝዝታ ነው። ገመዶቹን ፈትሼ ፈትሼ ምንም አላገኘሁም። አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ክሩን በጣቴ ስነካ እዝዝታው አልቀነሰም፤ መቀነስ ነበረበት። ያኔ ነው የገባኝ። ከብረቱ ሥር የሚገባ፣ እዝዝታውን የሚያጠፋ አንድ ቀጭን ሽቦ አለ፣ ብረቱን መንካት አለበት። ብረቱ ግን በዘይት ተጠብሶ ጥቁር ለብሷል፣ ሽቦው ከብረቱ ጋር አልተገናኘም።

«ያጠቆሩት ነው» አልኩ። «ከሥሩ መፋቅ አለበት።»

ቅር እንዲላቸው ጠብቄ ነበር። «ልብሱ ነው ለካ» ብለው ሳቁ፣ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፣ ሳሉ ግን አለፈ። ክሮቹን ሁሉ መልሼ ፈታሁ። ከብረቱ ሥር የጥፍር ያህል ቦታ በሞረድ ጫፍ ፋቁ፤ ነጭ ሆኖ አበራ። እንደገና አሰርን፣ እንደገና ወጠርን።

በዚህኛው ጊዜ ስሰካው ጸጥ አለ። ወፍራሙን ክር መታሁት። ድምፁ ከሆዴ ውስጥ የወጣ መሰለኝ፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ ቶሎ የማይሞት። ሌላውን መታሁት። ከዚያ የማውቃትን አንዲት ዜማ ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፣ ቀጠልኩ። አባቴ የወንበሩን ክንድ ይዘው ወለሉን እያዩ ሰሙ።

በሩ ተንኳኳ። ሰብሳቢዋ ናት። ጊታሩን በእጄ እንደያዝኩ ከፈትኩላት፣ ልትቆጣ ነው ብዬ ክሮቹን በመዳፌ አፈንኳቸው።

«አባትህን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች። አለፈችኝና በረንዳው ላይ ቆማ አባቴን በዕብራይስጥ እንዴት ነዎት አለቻቸው። ከዚያ ጊታሩን አየችው። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ብረቱን እሳቸው ናቸው የሠሩት» ብዬ ጨመርኩ። አባቴ ገባቸውና እጃቸውን አወዛወዙ፣ ተወው እንደማለት።

እጇን ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው። «ደርቋል?» አለች። ደርቋል አልኳት። ያኔ ነካችው። «ማታ ሦስት ሰዓት ካለፈ እንዳይሰማኝ» ብላ ወጣች።

አሁን ጊታሩ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ አባቴ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በሁለት ዕረፍት ይወጣሉ። ከግድግዳው ያወርዱትና ዝገት እንዳይበላው ብለው ብረቱን በጨርቅ ዘይት ይቀቡታል። ዘይቱ ክሮቹን ያበላሻል፣ ድምፁን ያፍናል እላቸዋለሁ። «እንዴ፣ ብረት የሚያውቀው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ይላሉ። ይቀቡታል። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ እኔ በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ።